የ1966ቷ ፖንቲያክ ጂቲኦ፦ ስለ ታደሰችው "ፍየል" ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በእጄ ያላለፈ የመኪና ዓይነት የለም ማለት እችላለሁ። ልቤ ውስጥ የቀረችው ግን አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቁልፏን ለማንም አይሰጡም። አንድ ቀን "እኔው ራሴ አቆማታለሁ፤ አንተ ግን ና ጎኔ ቁጭ በል" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የድሮ መኪና ፍቅር አለቀቀኝም።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት የድሮ መኪና ሰዎች ከሚሰበሰቡበት አልጠፋም። ፎቶ ስልክላቸው ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰብስቤ ጻፍኩት። ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ማስል ካር የሚባለው ምን ዓይነት መኪና ነው?

ባለ ሁለት በር፣ መካከለኛ መጠን ያላት የቤተሰብ መኪና ትወስዳላችሁ። ለትልቅ መኪና የተሠራ ሞተር ትከቱባታላችሁ። ዋጋዋን ወጣት ሠራተኛ በወር በወር ከፍሎ ሊጨርሰው በሚችል ልክ ታደርጋላችሁ። በቃ፣ ማስል ካር ይቺ ናት።

ጂቲኦ የተወለደችው በብልሃት ነው። በ1963 መጀመሪያ ጄነራል ሞተርስ በሥሩ ያሉት ፋብሪካዎች ሁሉ ከእሽቅድምድም እንዲወጡ አዘዘ። ከነሱ አንዱ የሆነው ፖንቲያክ ደግሞ ስሙን ያነሳው በእሽቅድምድም ነበር። ያኔ ጆን ዲሎሪያን፣ ቢል ኮሊንስና ረስ ጊ የተባሉ መሐንዲሶች አንድ ነገር አስተዋሉ። ቴምፔስት በምትባለው መካከለኛ መኪና ውስጥ ያለው 326 ኪዩቢክ ኢንች (የሞተር መጠን መለኪያ ነው) ሞተርና የትልልቆቹ መኪኖች 389 ከውጭ ሲታዩ እኩል ናቸው። የሚታሰሩበት ቦታ እንኳ አንድ ነው። ትልቁ በትንሹ ቦታ ያለ ብዙ ጣጣ ይገባል ማለት ነው።

እንቅፋቱ የኩባንያው ሕግ ነበር። መካከለኛ መኪና ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገባላት ይከለክላል። እነሱ ታዲያ አዲስ ሞዴል ሠራን አላሉም። ከቴምፔስት ዓይነቶች አንዷ ለሆነችው ለ1964ቷ ሌማንስ እንደ ተጨማሪ ዕቃ፣ ልክ ሬዲዮ እንደሚጨመረው፣ በ295 ዶላር ገደማ አቀረቡት። ለተጨማሪ ዕቃ የበላይ ፈቃድ አያስፈልግም። የሽያጭ ክፍሉ 5,000 ቢሸጥ ነው ብሎ ነበር። የተሸጠው 32,450 ሆነ።

የመጀመሪያዋ ማስል ካር ማን ናት በሚለው ላይ ክርክሩ አያልቅም። የ1949ኙን ኦልድስሞቢል ሮኬት 88 የሚጠቅሱ አሉ። እኔ ግን ለሌሎቹ በሩን የከፈተችው ጂቲኦ ናት ባይ ነኝ። ሼቭሮሌት፣ ዶጅ፣ ፕሊመዝ፣ ፎርድ፣ ሁሉም የተከተሉት እሷን አይተው ነው።

ስሟ ምን ማለት ነው? "ፍየል"ስ ለምን ይሏታል?

ጂቲኦ የጣልያንኛ ምኅጻረ ቃል ነው፤ ግራን ቱሪስሞ ኦሞሎጋቶ። ለውድድር ብቁ ተብላ የተመዘገበች የረጅም ጉዞ መኪና እንደ ማለት ነው። ዲሎሪያን ስሙን የወሰደው ከፌራሪ ነው። የፌራሪ ወዳጆችም "እንዴት ተደርጎ!" ብለው ተቆጥተው ነበር። የአሜሪካ ወጣቶች ግን ሦስቱን ፊደላት አገለባብጠው "ጎት" አሏት፤ ፍየል። እስከ ዛሬ ወዳጆቿ የሚጠሯት በዚሁ ነው።

ጣልያንኛ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የጋራዥ ቋንቋችን ብዙው ጣልያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ። ሽማግሌው ኮፈኑን ከፍተው ዕቃዎቹን በእንግሊዝኛ ሲጠሩልኝ፣ እኔ በሆዴ በአዲስ አበባ ጋራዥ ስማቸው እየጠራኋቸው ነበር። አንዴ "ማርሚታ" የሚለው፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ አመለጠኝ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ማርሚታ ነበር የሚሉት።

ከሌሎቹ ዓመታት የ1966ቷ ምኗ ተለየ?

በ1966 ጂቲኦ ተጨማሪ ዕቃ መሆኗ ቀርቶ ራሷን የቻለች ሞዴል ሆነች። በዚያ ዓመት 96,946 ተመረተች። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ያን ያህል ተሠርታ አታውቅም።

መልኳ ደግሞ አለ። የፊት መብራቶቿ ሁለት ሁለት ሆነው ተደራርበው ቆመዋል። ፍሬቻዎቿ የፊት ወንፊቱ ውስጥ ተደብቀዋል። ጎኗ ከበሩ ኋላ ወደ ላይ ነሣ ይልና እንደ ዳሌ ሞላ ብሎ ይወርዳል። የኋላ መብራቶቿ በስስ አግዳሚዎች ተከፋፍለዋል። ማታ ፍሬን ሲያዝ በቀጭን በቀጭኑ የተቆረጠ ቀይ መስመር ነው የሚታየው። በቀን ስታዩአት ቆንጆ ናት። የምትገባችሁ ግን አመሻሽ ላይ ከኋላዋ ስትነዱ ነው።

ድምጿ ለምን እንደዚያ ይጎረብጣል? ተበላሽታ ነው?

ኧረ ጤነኛ ናት! ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ።

ሞተሯ ስምንት ሲሊንደር አለው፤ አራቱ በግራ፣ አራቱ በቀኝ። በግራ ያሉት 1፣ 3፣ 5፣ 7 ናቸው። በቀኝ ያሉት 2፣ 4፣ 6፣ 8። የሚተኩሱበት ቅደም ተከተል 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። እስቲ በጣታችሁ ቁጠሩት፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ። አያችሁ? አንዳንዴ አንዱ ጎን ሁለቴ ይደራርባል። የየጎኑ ጭስ በየራሱ ቱቦ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጆሯችን የሚሰማው እኩል እኩል የሚመታ ነገር ሳይሆን እየደረበ የሚሄድ ምት ነው። ለእኔ ከበሮ ነው። ጎበዝ መቺ አንዴ ጠብቆ ሁለቴ እንደሚያስከትለው ያለ። ምድር ቤት፣ በሲሚንቶ ግድግዳ መሀል፣ ቆማ በዝግታ ስትንደቀደቅ ደረት ላይ ነው የሚሰማው።

ሁለተኛው ነገር ካርቡራተሩ ነው፤ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው። የሽማግሌው መኪና "ትራይ ፓወር" የሚሉት ነበረባት። አንድ ሞተር ላይ ሦስት ካርቡራተር ተሰልፏል። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ የሚሠራው መሀለኛው ብቻ ነው። ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ የዳርና ዳሩ ሁለቱም ይከፈታሉ። አንድ እሁድ ማለዳ በፖቶማክ ዳር በሚሄደው በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወሰዱኝ። መንገዱ ጭር ብሏል። መጀመሪያ የዝቅታ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ እግራቸውን ጫን አደረጉ። ከኮፈኑ ሥር አንድ ትልቅ ትንፋሽ ሲሳብ ሰማሁ፤ ወዲያው ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። "ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ" የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። አሜሪካኖቹ ተረታችንን ሳያውቁት ስሟን በትክክል አውጥተውላታል።

ስንት የፈረስ ጉልበት አላት? ከዛሬ መኪና ጋር ብትወዳደርስ?

389ኙ ሞተር 6.4 ሊትር መሆኑ ነው። በአንድ ካርቡራተር 335፣ በትራይ ፓወር 360 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጽፎላታል። ይህን ቁጥር ከዛሬው ጋር ማስተያየት ግን ስሕተት ነው። በዚያ ዘመን ሞተሩ የሚለካው ከመኪናው ወጥቶ፣ ያለ ማርሚታ፣ ያለ ሌላ ሸክም ነበር። ከ1972 ጀምሮ ነው አሜሪካኖች ሞተሩን ከነሙሉ ዕቃው መለካት የጀመሩት። በዛሬው መለኪያ ቁጥሩ ብዙ ይወርዳል።

በዘመኑ ፈተናዎች በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ 6 እስከ 7 ሰከንድ ይፈጅባት ነበር። ዛሬ ይህን የሚያደርግ የቤተሰብ መኪና ሞልቷል። ግን የዛሬው መኪና ስትፈጥኑበት ምንም አይሰማችሁም። እሷ ላይ እያንዳንዱን ሰከንድ ትሰሙታላችሁ፣ ታሸቱታላችሁ፣ በእጃችሁም በማርሹ ዘንግ ትይዙታላችሁ።

"ታድሳለች" ሲባል በትክክል ምን ተደረገላት ማለት ነው?

ብዙ ሰው ቀለም የተቀባች ሁሉ የታደሰች ይመስለዋል። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የሽማግሌው ጂቲኦ እድሳት ሰባት ዓመት ፈጅቷል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ አንስተው በአልበም ይዘውታል። አልበሙን ከመኪናዋ እኩል እወደዋለሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሣር ውስጥ የቆመች ዝገት ናት። የሻንጣ መጫኛዋ ወለል ተበልቶ መሬት ይታያል።

ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ፈቷት። የጂቲኦ ሻንሲ (የታችኛው የብረት አጽም) እና አካሏ የተለያዩ ናቸው፤ በብሎንና በጎማ ነው የሚያያዙት። ስለዚህ አካሉ እንዳለ ተነሥቶ ሻንሲው ብቻውን ይቀራል። እያንዳንዱ ብሎን በየከረጢቱ ገብቶ፣ ከየት እንደወጣ ተጽፎበት ይቀመጣል። አንድ ከረጢት ከጠፋ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋውን ታዩታላችሁ። ከዚያ አሮጌው ቀለም ተጠርጎ ላሜራው እርቃኑን ይወጣል። እዚህ ላይ ነው እውነቱ የሚታየው። የኋላ መስታወቱ ሥር ያሉት ማዕዘኖች፣ የኋላ ጎኖቹ ታችኛው ጫፍና የሻንጣ መጫኛው ወለል ውሃ የሚተኛባቸው ቦታዎች ስለሆኑ መጀመሪያ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

የተበላውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ መበየድና ሸፍኖ በስቱኮ መድፈን ሁለቱም ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስቱኮው ይነፋል፣ ይሰነጠቃል። ጥሩ የላሜራ ባለሙያ ግን ብየዳውን በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ ፈግፍጎ፣ መጋጠሚያው በጣት እንኳ እንዳይታወቅ አድርጎ ይሰጣችኋል። ስቱኮው የሚቀረው እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ስሙ የሚነሳው ቀለም ቀቢው ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የማከብረው ላሜራ ቀጥቃጩን ነው። ሥራው ካማረ ማንም አያየውም።

ሞተሩ ደግሞ ወርዶ ይፈታል። ሲሊንደሩ ይለካል፣ ይሞረዳል፤ ፒስተኑ፣ ኩሽኔታው፣ ጓርኒሲዮኑ ይለወጣል። ከዚያ በፖንቲያክ ፈካ ያለ ሰማያዊ ቀለም ይቀባል። አንድ ነገር ልጨምር። ሽማግሌው ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር አሳዩኝ። በእጅ፣ በጥድፊያ የተጻፈ። መጀመሪያ ሰው አቆሽሾት መሰለኝ። ለካ በ1966 የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ያለ ሠራተኛ "ይህን አይቻለሁ፣ አልፏል" ሲል የሚያደርገው ምልክት ነው። ቀለሙ ሲጠረግ ያ ምልክት ይጠፋል። እሳቸው ግን ሳይጠረግ በፊት ፎቶ አንስተውት ነበር። ሁሉም ሲያልቅ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አጻጻፍ መልሰው ጻፉት። ስሙ የማይታወቅ ሰው የጠመኔ ጭረት ነው። እሱንም አልጣሉትም።

መኪናዋ አጠገብ ስንቆም ምን ምን እንይ?

ቀለሙን ለጊዜው እርሱት። መጀመሪያ በሩና ፓራፋንጎው መሀል ያለውን ክፍተት እዩ። ከላይ እስከ ታች እኩል ነው? የኮፈኑስ ግራና ቀኝ? ቀጥሎ ዝቅ በሉና በጎኗ በኩል ርዝመቷን ተመልከቱ። የሰማዩ ወይም የዛፉ ነጸብራቅ ሳይሰበር፣ ሳይወዛወዝ ከፊት እስከ ኋላ ከሄደ ሥራው የባለሙያ ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ በሩን ይዝጋላችሁ። ድምፁን ስሙ። አንድ ጊዜ "ጠብ" ካለ ጥሩ ነው።

ከዚያ ሰው የማያየውን እዩ። የሻንጣ መጫኛው ምንጣፍ ሥር። የመኪናዋ ሆድ። የወንበሩ ስፌት።

አንዳንዷ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበረው በላይ ታበራለች። ጄነራል ሞተርስ ያኔ የሚቀባው ላከር ዛሬ እንደሚቀባው ባለ ሁለት ድርብ ቀለም ጥልቅ አንጸባራቂ አልነበረም። ፋብሪካው ያወጣው ላይ የቀለም ጠብታም፣ ያልተስተካከለ ክፍተትም ነበር። ትክክለኛነት የሚወዱ ሰዎች እነዚያን ጉድለቶች ሳይቀር ይመልሷቸዋል። ውበት የሚወዱ ደግሞ ያስተካክሏቸዋል። እኔ ወደ መጀመሪያዎቹ አደላለሁ። ምንም ሳትነካ የቀረች መኪና ስትገኝ ግን፣ ቀለሟ ቢሳሳም እባካችሁ አትንኳት።

እውነተኛ ጂቲኦ መሆኗ በምን ይታወቃል?

ሌማንስ ገዝቶ የጂቲኦ ምልክት መለጠፍ ቀላል ስለሆነ ይህ ጥያቄ ገንዘብ ነው። የ1966ቷ መለያ ቁጥር በሹፌሩ በኩል የበሩ ማጠፊያ ያለበት ምሰሶ ላይ ነው። በ242 ከጀመረ ጂቲኦ ናት። 2 ፖንቲያክ፣ 42 ጂቲኦ። የሚከተሉት ሁለት አኃዞች የአካሏን ዓይነት ይነግራሉ፤ 17 ከሆነ በመስኮቶቹ መሀል ምሰሶ የሌላት፣ 67 ከሆነ ጣሪያዋ የሚከፈት። ቀጥሎ 6 ዓመቷ ነው። ከዚያ የፋብሪካው ፊደል ይመጣል። ፒ ከሆነ ሚሺጋን ውስጥ ያለው የፖንቲያክ ከተማ ነው። ቢ ከሆነ ባልቲሞር። ሜሪላንድ ለምትኖሩ፣ ጎረቤታችሁ የተሠራች ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

የ1964ና የ1965 ግን በዚህ አይለዩም፤ ያኔ ተጨማሪ ዕቃ ስለነበረች ቁጥሯ የሌማንስ ነው። እዚያ ላይ የሚያድነው የፋብሪካው መዝገብ ነው። ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የሚባል ድርጅት በመለያ ቁጥሩ መሠረት የዚያችን መኪና የፋብሪካ ወረቀት ግልባጭ ይሰጣል።

አንድ ጓደኛዬ "የ65 ጂቲኦ" ብሎ ገዝቶ፣ ወረቀቱን ያወጣው ከከፈለ በኋላ ነው። ሌማንስ ሆና ተገኘች። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። ወረቀቱ መቅደም አለበት።

ዋጋዋ ስንት ነው?

በ1966 ጣሪያዋ የማይከፈተው አዲሷ ጂቲኦ ያለ ተጨማሪ ዕቃ ከ3,000 ዶላር በታች ነበረች። ዛሬ በደንብ የታደሰች በአስር ሺዎች ዶላር ነው የምትሸጠው። ትራይ ፓወር፣ በእግር ፍሪሲዮን የምትነዳ፣ ሞተሯ ከመጀመሪያው አብሯት ያለ ከሆነ ይጨምራል። ለንጽጽር ያህል፣ ከማስል ካሮች ሁሉ ብርቅ ከሚባሉት አንዷ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት የ1971 ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳ፣ በ2014 ሲያትል ውስጥ በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ወጥታለች።

ለትርፍ ብላችሁ ግን እድሳት አትጀምሩ። ለላሜራና ለቀለም ብቻ የሚወጣው ብዙ ጊዜ መኪናዋ ከምታወጣው ጋር ይተካከላል፣ ያልፋልም።

ለመንዳት አደጋ የለውም?

አለው፤ በእውነት ልናገር። የ1966ቷ አራቱም ጎማ ላይ ያለው ፍሬን ከበሮ ነው። ደጋግማችሁ ስትይዙት ይግላል፣ ይደክማል። የፊት ዲስክ ፍሬን ለጂቲኦ የመጣው በ1967 ነው። የፍሬን ዘይቱ መስመርም አንድ ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ይጠፋሉ። ሲጋጭ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ የመሪ ዘንግም የላትም። ቀበቶዋ ወገብ ላይ ብቻ ነው። ብዙ ባለቤቶች አሮጌውን ዕቃ አስቀምጠው ዲስክ ፍሬን ያስገባሉ። የሚነዷት ከሆነ ትክክል አድርገዋል። ልጅ ጭኖ የሚሄድ ሰው ስለ ትክክለኛነት አይከራከርም።

ቤንዚን ትጠጣለች?

በጣም። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ካገኛችሁ ጥሩ ነድታችኋል። ያውም ውዱን ቤንዚን።

እንዲህ የምትወደድ ከነበረች ለምን ቀረች?

ኢንሹራንሶች ለወጣት ሹፌር ዋጋውን ሰቀሉት። የአየር ብክለት ሕግ መጣ፤ በ1971 ጄነራል ሞተርስ ሞተሮቹን ሁሉ አለዘባቸው። በመጨረሻ በጥቅምት 1973 የአረብ ሀገራት የነዳጅ ማዕቀብ ተጣለ። የዚያ ትውልድ የመጨረሻዋ ጂቲኦ የ1974ቷ ናት፤ 7,058 ብቻ ተሠራች። ስሟ ከ2004 እስከ 2006 ከአውስትራሊያ በመጣች መኪና ላይ ተመልሶ ነበር። ፖንቲያክ ራሱም በ2010 ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ለእኛ "1966" ሲባል ትዝ የሚለን የካቲት ነው፣ አብዮቱ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1966 አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ነጂዎች አድማ የመቱት በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ነበር። ዲትሮይት ላይ ማስል ካሮቹን ያቆመው የነዳጅ ቀውስና የፒያሳና የመርካቶ ታክሲዎችን ያቆመው አንድ ነው። ሽማግሌው በመኪናዋ ስላሳለፉት ወጣትነት ሲያጫውቱኝ፣ እኔ ደግሞ ይህን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ።

አጠገቧ ስንሆን ነውር የሚባል ነገር አለ?

አትንኳት። በተለይ ቀበቶ፣ ቀለበት፣ የጂንስ ቁልፍ፣ የቦርሳ ሰንሰለት ይዛችሁ አትደገፉባት። ፎቶ ለመነሳት ካስፈለገ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ አብዛኞቹ ደስ እያላቸው በሩን ይከፍቱላችኋል። "ስንት ትሸጣታለህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ከየት አገኘሃት?" በሉ። ወንበር አምጥቶ ያስቀምጣችኋል።

የት ሄደን እንያቸው?

ትልቁ የዉድዋርድ ድሪም ክሩዝ ነው። በነሐሴ መሀል፣ በፈረንጆቹ የኦገስት ሦስተኛ ቅዳሜ፣ ከዲትሮይት ወጣ ብሎ በዉድዋርድ ጎዳና ከፈርንዴል እስከ ፖንቲያክ ከተማ ድረስ ይዘልቃል። በ1995 የተጀመረው ፈርንዴል ውስጥ ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ለዋሽንግተን አካባቢ ሰው ቅርቡ ፔንሲልቬንያ ያለው ካርላይል ነው፤ በአሜሪካኖቹ በጋ ትልልቅ ትዕይንቶች አሉት። ኢሊኖይ ውስጥ ደግሞ ፖንቲያክ በምትባል ትንሽ ከተማ የፖንቲያክ-ኦክላንድ ሙዚየም አለ።

ገዝቼ ሀገር ቤት ባስገባትስ?

ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ መልሱ አይሆንም ነው። ደግሞስ ሀገር ቤት የራሱ ሀብት አለው። የሐረርና የድሬዳዋ ፔጆ 404ዎች በነዚያው በ1960ዎቹ የወጡ ሞዴሎች ናቸው። ዘመናቸውን ሙሉ እየሠሩ የኖሩት በመካኒኮቻችን እጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ እንቁላል ተወልውላ የምትነዳ ቮልስ ስታዩ ቆም በሉ። ያቺም ከዚህችው ጂቲኦ እኩል ቆመው ሊያዩአት ይገባል።

ያቺ ሰማያዊ ጂቲኦ አሁን የት ናት?

ይህን የሚጠይቁኝ ታሪኩን የሚያውቁ ናቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው ሲደክም መንዳት አቆሙ። ሊገዟት የመጡ ነበሩ፤ አንዱን እስከ ፓርኪንጋችን በር ድረስ ሸኝቼዋለሁ። አልሸጧትም። ለልጅ ልጃቸው ሰጧት፤ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ፍሪሲዮን ረግጣ አታውቅም። እሁድ እሁድ ፓርኪንጉ ባዶ ሲሆን አለቃዬን አስፈቅጄ እዚያ አስተማሯት። እሳቸው ጎኗ ተቀምጠው፣ እኔ ምሰሶዎቹ አጠገብ ቆሜ እጄን እያወዛወዝኩ። ሦስት እሁድ ሞተሩ እየጠፋባት፣ እየዘለለባት ሄደ። በአራተኛው ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ መኪናዋ ሳትንገጫገጭ ተነሣች፣ መወጣጫውን ይዛ ወደ ብርሃኑ ወጣች። ድምፁ ከግድግዳው እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆሜ ሰማሁት።